ስሙ ስታዲየም ላይ ያለው ሰውዬ

ደብረ ማርቆስ ላይ በአንድ ጋራዥ ሞተር ስጠግን 17 ዓመት ሆነኝ። ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ እጁ ወርቅ ነበር። ሻይ ሰዓት ላይ በስልኩ ስፒድዌይ የሚባል የሞተር ሳይክል ውድድር ያሳየኛል። አራት ተወዳዳሪ፣ አራት ዙር፣ መታጠፊያው ሁልጊዜ ወደ ግራ። ሞተሩ 500 ሲሲ ነው፤ የሚያቃጥለው ሜታኖል፣ ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። ጋዙን እየለቀቁ የኋላ ጎማውን እያንሸራተቱ ነው የሚቆጣጠሩት። ይኼ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ደንበኛ ነፍሱን ለኔ አደራ ሰጥቶ ነው የሚሄደው።

ከሁሉም ልቤ የገባው ፖላንዳዊው ኤድዋርድ ያንትሳሽ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ከዓለም 3ኛ ወጥቷል፤ በአገሩ ሊግ ግን ከጎዡፍ ከተማው ክለብ ከስታል ንቅንቅ አላለም።

ልጁ «ልለቅ ነው» ያለኝ ዕለት ይኼንኑ አነሳሁበት። ማዶ ያለው ጋራዥ የተሻለ ሊከፍለው ነው።

«ያ ሰውዬ እኮ ክለቡን አልቀየረም» አልኩት።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትንሽ ቆየና፣ «ጋሼ፣ የሱ ስም እኮ ስታዲየሙ ላይ አለ። የእርስዎ የት ተጻፈ?» አለኝ።

ሊሰድበኝ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ፤ ያመመኝም ለዚያ ነው። መልስ አልመጣልኝም። «መንገድህን ያቅናልህ» ብዬ ሸኘሁት፤ ማታ ግን እራት አልወረደልኝም። እኔንም ሌላ ቦታ ጠርተውኝ ያውቃሉ። ደንበኛ ፈልጎኝ መጥቶ እንዳያጣኝ ብዬ ነው የቀረሁት።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ የግብርና ሠራተኛ የኋላ ጎማው የተነፈሰ ቦክሰር እየገፋ መጣ። ጎማውን ላወጣ ጎንበስ ስል የፍሬኑ ዘንግ እንዳይወልቅ የምትይዘውን ሽቦ አየሁ። አንድ እግሯ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ጫፎቹ ሱሪ እንዳይቀዱ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ሌላው መካኒክ ሁለቱንም ባንድ ላይ ጠምዝዞ ነው የሚተወው።

«ፍሬኑን ማን ሠራልህ?»

«ማዶ ያለው ልጅ። ምነው፣ ችግር አለው?»

«የለውም» አልኩት። ጎማውን ለጥፌ መልሼ ሳስር፣ ሽቦዋን እንደነበረችው አጠፍኳት።