ለክረምት ቤት ማዘጋጀት ከጣሪያው ሚስማር ይጀምራል

ያለፈው ክረምት እንደገባ በመኝታ ክፍሌ ኮርኒስ ላይ መዳፍ የሚያክል፣ ዳር ዳሩ ቡናማ የሆነ የእርጥበት ምልክት አየሁ። ዝናቡ ሲያባራ ጣሪያው ላይ ወጥቼ፣ ከምልክቱ ትክክል ያለውን ቆርቆሮ በሲሊኮን ደፈንኩት፤ በማግስቱ ሲዘንብ ግን ምልክቱ ጭራሽ ሰፋ። ስህተቴ የገባኝ ባትሪ ይዤ ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ክፍተት ስገባ ነው። ውሃው የሚገባው ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ባለ አንድ ሚስማር ሥር ሲሆን፣ ከዚያ በወራጁ እንጨት ሆድ ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ እንጨቱ ከሌላው ጋር በተጋጠመበት ቦታ ይንጠባጠብ ነበር። ሚስማሩ ሥር ያለውን ጎማ በጥፍሬ ብነካው ተፈረፈረ።

ስለዚህ አሁን ገና ፀሐዩ ሳለ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ቆርቆሮ ቀን ሲግል ይረዝማል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ 6 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቆርቆሮ የሙቀት ልዩነቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይለዋወጣል። ይህ በየዕለቱ ሲደጋገም ሚስማሩን ያላላዋል፣ ቀዳዳውንም ያሰፋዋል፤ ጎማውን ደግሞ ፀሐይ ያደርቀዋል። የላላውን ሚስማር መልሶ በመዶሻ መምታት ብዙ አያዋጣም፤ እንጨቱ አንዴ ስለሰፋ አጥብቆ አይዘውም። እኔ ነቅዬ፣ ወፈር ያለና አዲስ ጎማ ያለው ብሎን አስገባበታለሁ። የዛገውን ቦታም በሽቦ ብሩሽ ሳይፍቁ ሲሊኮን መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው፣ ከዝገቱ ጋር ተልጦ ይነሳልና። ጣሪያ ላይ ስትራመዱ እግራችሁ የሚስማሮቹን መስመር ይከተል፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ግን ጨርሶ መውጣት አይገባም።

ቀጥሎ አሸንዳው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ ማለት 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ስለሆነ፣ 100 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 2,000 ሊትር ያወርዳል። በመውረጃ ቱቦው አፍ ላይ አንድ ጭብጥ ቅጠል ከተወተፈ፣ ያ ሁሉ ውሃ አሸንዳውን ሞልቶ በግድግዳው ላይ ይፈሳል። ቅጠሉን ከጠረግሁ በኋላ ከአንደኛው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ እለቅበታለሁ፤ መሃል ላይ የሚያቁር ከሆነ አሸንዳው ጎብጧል ማለት ነው፣ መስቀያውም ይስተካከላል።

ከቱቦው የሚወጣው ውሃ የግድግዳው ሥር እንዳይቀር ቦዩን መጥረግና አፈሩን ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘቅዘቅ ያስፈልጋል። መሬት ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ በብሎኬቱና በልስኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይሳባል፤ ቀለሙ የሚያብጠውና ነጭ ጨው መሰል ነገር የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ሳይደርቅ ቀለም መቀባት፣ በእኔ አስተያየት፣ ችግሩን ለአንድ ወር መሸፈን ነው።

የበርና የመስኮቱን ስንጥቅ መድፈን ቀላል ሥራ ነው፤ አደገኛው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ብርዱ ሲበረታ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ሕይወት ያጠፋል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው አይነቃበትም፤ ክፍሉ በደንብ በተደፈነ መጠንም አደጋው ይብሳል።

የኮርኒሴን ምልክት እስካሁን ቀለም አልቀባሁትም። ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬ ቀኑን ጽፌበታለሁ፤ በዘንድሮው የመጀመሪያ ዝናብ ቡናማው ከመስመሩ ካለፈ እንደገና ባትሪዬን ይዤ እወጣለሁ።