ለሽፋን የተከፈተው ሆቴልና የእናቴ ድስት

ስለ አሩስ ብዙ ተወርቷል። እኔ ግን ደጋግሜ ባወራውም አይሰለቸኝም።

አሩስ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ ቀይ ባሕር ዳር የነበረ የመዝናኛ መንደር ነው። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። ማረፊያ ቤቶቹንና ምግብ ቤቱን አቆሙ፤ መንገድም በቂ ውኃም የሌለው በረሃ ሆነባቸውና ጥለውት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የስዊዘርላንድ ድርጅት ነን የሚሉ ሰዎች መጡና በ320 ሺህ ዶላር ለሦስት ዓመት ተከራዩት። ባሕር ውስጥ መጥለቅ የሚወዱ ቱሪስቶች እናመጣለን አሉ። የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሆነው የሞሳድ ሰላዮች ነበሩ።

ያኔ ሱዳንና እስራኤል ጠላቶች ናቸው። በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ዙሪያ ባሉት የስደተኛ ካምፖች ደግሞ ከጎንደር፣ ከወልቃይትና ከትግራይ በእግራቸው የመጡ የቤተ እስራኤል ሰዎች፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ኢየሩሳሌም እያሉ ተቀምጠዋል። ከካምፑ አውጥቶ በባሕር መውሰድ ይቻላል። ለዚያ ግን ፈረንጆች ሌሊት ባሕሩ ዳር ሲንቀሳቀሱ ቢታዩ ጠያቂ እንዳይኖር በቂ ሰበብ ያስፈልጋል።

የሚገርመኝ ሆቴሉ የምር መሥራቱ ነው። ጄኔቫ ላይ ማስታወቂያ ተበተነለት። ኤር ኮንዲሽነር ገባለት። አሥራ አምስት ያህል ሱዳናውያን ተቀጠሩ፤ ሼፉን ከሌላ ሆቴል እጥፍ ደመወዝ ሰጥተው ነው ያመጡት። ማን እንደቀጠራቸው አንዳቸውም አያውቁም። ዲፕሎማቶች ከካርቱም መጡ፣ የግብፅ ወታደሮች መጡ፣ የእንግሊዝ ኮማንዶዎችም መጥተው አረፉበት። የመጥለቂያ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ብቻ ለሁሉም ዝግ ነበር። የመገናኛ ሬዲዮው ያለው እዚያ ነው። ሆቴሉ ትርፍም አመጣ፤ ሕዝቡን የሚያመላልሱት የጭነት መኪናዎች ወጪ ከዚያው ይሸፈን ነበር።

ሥራው ሲደርስ ለሠራተኞቹ “ካርቱም ደርሰን እንመጣለን” ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ከሰላ ሆስፒታል ያሉ የስዊድን ነርሶችን ልናይ ነው ይላሉ። ከካምፖቹ እስከ ባሕሩ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ሌሊት ይነዳል፤ ቀን ቀን ደረቅ ወንዝ ውስጥ ተደብቆ ይዋላል። ኬላ ላይ ጉቦ ይሰጣል፤ ካልሆነ ጥሶ ማለፍ ነው። ዳርቻው ላይ የእስራኤል ባሕር ኃይል ሰዎች በጎማ ጀልባ ይጠብቃሉ። ባት ጋሊም የምትባለው መርከብ ራቅ ብላ ቆማለች።

በማርች 1982 ወታደሮች ደርሰው ተኮሱባቸው። ሕዝቡን የያዙት ጀልባዎች ለጥቂት አመለጡ። የሰላዮቹ አለቃ ዳኒ ሊሞር ግን ዞሮ መኮንኑ ላይ ጮኸበት፤ ቱሪስት ላይ ትተኩሳለህ እንዴ ብሎ አፋጠጠው። መኮንኑ ኮንትሮባንዲስት መስለውኝ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ባሕሩ አደገኛ ሆነ፤ ሄርኩለስ የሚባሉ የጦር ማመላለሻ አውሮፕላኖች ሌሊት በረሃው ላይ እያረፉ ሰው ማንሳት ጀመሩ።

ሰላዮቹን ከልቤ አመሰግናለሁ። እናቴን ያወጧት እነሱ ናቸው። ነገር ግን እነሱ ዓመታት የሠለጠኑበትን ማስመሰል እናቴ ማንም ሳያስተምራት ነው የኖረችው።

ኡም ራኩባ የሚባለው የስደተኛ ካምፕ ስትገባ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ካምፑ ውስጥ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ክርስቲያን ነን አሉ። አገር ቤት ከቤተ እስራኤል ውጭ የሆነ ሰው የነካ ውኃ ገብቶ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር፤ እዚያ ይህ ሁሉ ቀረ። በወር አበባ ጊዜ ሴት ተለይታ የምትቀመጥበትን የመርገም ጎጆ መሥራት ራስን ማጋለጥ ስለሆነ እሱም ቀረ። ሥጋ ሲጋብዟት “ሆዴን አሞኛል” ትላለች። ቅዳሜ ደግሞ ከቤቷ ጭስ ካልወጣ ጎረቤት ይጠይቃል። ስለዚህ እያለቀሰች እሳት ታነዳለች፤ ድስት ሙሉ ውኃ ትጥዳለች። ማታ ውኃውን ትደፋዋለች። በሰንበት እሳት ያየ ምግብ አልቀመሰችም። “በእጄ ሻርኩት እንጂ በአፌ አልሻርኩትም” ትለኛለች።

አንድ ምሽት ከኮሚቴው ልጆች አንዱ መጣ። “ዛሬ” አላት፤ ሌላ ቃል የለም። ድስቱን ጣደች፣ ኩራዙን አበራች፣ ነጠላዋን ብቻ ይዛ ወጣች። ጎረቤቷ ቤት ውስጥ እንዳሉ እንዲመስላት ነው። ጎረቤቷ የደብረ ታቦር ሴት ናት። እናቴን ወባ ሲጥላት ውኃ እያቀረበች ያስታመመቻት እሷ ነበረች። እናቴ ለዚያች ሴት ደህና ዋይ ሳትል መሄዷ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ኮሚቴ የምላቸው ከራሳችን የወጡ ወጣቶች ናቸው። የትኛው ጎጆ ውስጥ የእኛ ሰው እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ቀድሞ መውጣት እንዳለበት የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ሰላዩ ከሥራው በኋላ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። ኮሚቴው ግን እዚያው ካምፕ፣ ያው ጎጆ ውስጥ ያድራል። በሱዳን ፀጥታ ተይዘው የተገረፉ አሉ።

የመንገዱ ከፋችም የእኛው ሰው ነው። ፈረደ አክሉም መምህር ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲፈለግ ወደ ሱዳን ሸሸ፤ ከዚያ ሆኖ ለእርዳታ ድርጅቶች የድረሱልኝ መልእክት ላከ። መልእክቱ ሞሳድ ዘንድ ደረሰና ዳኒ ሊሞር ሊፈልገው መጣ። መንገዱ በሱዳን በኩል እንደሆነ ለወገኑ ቃል ያስተላለፈውም ፈረደ ነው።

በ1984 መጨረሻ ዘመቻ ሙሴ ተጀመረ፤ ሺዎች ከካርቱም በብራሰልስ በኩል በአውሮፕላን ወጡ። በኤፕሪል 1985 የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርዱ ሰላዮቹ ገና ሳይነጋ አሩስን ለቀው ጠፉ። እንግዶቹ ሲነቁ አስተናጋጅ ፈረንጅ የለም።

በመንገድና በካምፕ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ኢየሩሳሌም፣ ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያቸው አለ፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እንሰበሰባለን። እዚያ የማገኛቸው ልጆች ስለ ሰላዮቹና ስለ ሆቴሉ አጥርተው ይነግሩኛል። ወላጆቻቸውን ከጎጆ ያወጣውን የኮሚቴ ልጅ ስም ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። እናትና አባታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፦ ያን ሌሊት ሊጠራችሁ የመጣው ማን ነበር? የማን ልጅ ነው? በኋላስ ምን ደረሰበት? የነገሯችሁን ጻፉት።