«ሌላ» ካልክ ማብራሪያ ይጠይቃል

የ2007 በልግ ቀረ፣ ክረምቱም በወጉ ሳይገባ ወጣ። በ2008 በኤልኒኞው ሰበብ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ርዳታ ይፈልጋል ሲባል እኔ ሰሜን ወሎ ውስጥ የአንድ ወረዳ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያ ነበርኩ። ሥራው ግማሹ ቅጽ መሙላት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ቅጽ ሊያስሞሉ የመጡ እንግዶችን መንገድ መምራት።

«ችግርን የመቋቋም አቅም» ሊለካ ታብሌት የያዘ ቡድን ከአዲስ አበባ መጣና አንዲት ባልቴት ቤት ገባን።

«እናቴ፣ በድርቁ ጊዜ ከየትኛው ተቋም ድጋፍ አገኙ?»

«ከቅሬ።»

ጠያቂው ልጅ ታብሌቱ ላይ ጣቱን ወደ ላይ ወደ ታች አመላለሰ። ሴፍቲኔት አለ፣ ብድርና ቁጠባ አለ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። ቅሬ፣ ማለትም የወሎ ዕድር፣ የለም።

«እሱ እኮ ለቀብር ነው፣ እናቴ።»

«ለሬሳ ብቻ ነው ያለህ ማነው?» አሉት። በሬያቸው ገደል ገብቶ ሲሰበር ታርዶ ቅሬው ሥጋውን ተከፋፍሎ ገንዘቡን እንዳወጣላቸው፣ ሽምብራ ሊዘሩ ሲሉም ጥማድ በተራ እንዳዋሳቸው አንድ ባንድ ነገሩት። ልጁ በትሕትና አዳመጠና «የለም» የሚለውን ነካ።

«‹ሌላ› የሚል የለውም?» አልኩት።

«አለው። ግን ማብራሪያ ይጠይቃል።»

ሪፖርቱ ሲመጣ «የማኅበረሰቡ የመደጋገፊያ ተቋማት ደካማ ናቸው» ይላል። አንጀቴ አረረ። በተጠራሁበት ዎርክሾፕ ሁሉ፣ ከሻይ ዕረፍት በፊትም በኋላም፣ ቅሬ ቅሬ እያልኩ አሰለቸኋቸው። በመጨረሻ ቅጹ ላይ ገባ።

በሚቀጥለው ዙር እዚያው ቤት ደረስን።

«ከቅሬ ድጋፍ አግኝተዋል?»

«እኔ? ከማንም!»

ክው አልኩ። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቄ «ምነው እማማ?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ቅሬ ደግፎኛል ብዬ 15 ኪሎዬን ላስቆርጥ?»

በወር ለአንድ ሰው ይሰፈር የነበረው የርዳታ እህል ነው። ርዳታ ተቀባዮችን የሚመለምለው ኮሚቴ ውስጥ የቅሬው ሰዎችም አሉበት፤ ምን ማለት እንደሚበጅ ጎረቤቱ ሁሉ ተማክሮ ጨርሷል። እውነት ለመናገር፣ አደጋን አስቀድሞ መተንበይ ከእኔ ቢሮ ይልቅ እነሱ ያውቁበታል።

አዲሱ ሪፖርት ቅሬ እየተዳከመ መሆኑን ገልጾ «የቅሬ አቅም ግንባታ ሥልጠና» እንዲሰጥ መከረ። አሠልጣኙ እኔ ሆንኩ። አበሉ ደህና ነበር።