ቀሚሱን ገልብጦ ማየት

እናቴ ጥልፍ ትጠልፋለች። ጅማ ውስጥ ስንት ሙሽራ የሷን ጥልፍ ለብሳ እንደተዳረች ቆጥሬ አልጨርስም። ሰሞኑን የአንድ ቀሚስ ፎቶ በስልኬ አሳየኋት፤ የማን እንደሆነ አልነገርኳትም። መነጽሯን አደረገች፣ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው፣ አንገቱና ደረቱ ላይ ያለውን የሐር ጥልፍ ረጅም ሰዓት አየችው። «ይሄ የችኮላ ሥራ አይደለም» አለች።

የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው። የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሚስት። ውቤ ባሠሩት ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ውቤን ድል ያደረጉት ቴዎድሮስ ናቸው። ቆይተው የውቤን ልጅ አገቡ። አባት እስረኛ፣ ልጅ እቴጌ!

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ሲገቡ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጫነ። እቴጌዋ ከወር በኋላ መንገድ ላይ አረፉና ጨለቆት ተቀበሩ። ልጃቸው አለማየሁ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ቀሚሱ ለንደን ነው፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም።

እዚያው ከመቅደላ የሄደ የወርቅ ዘውድና ጽዋ አለ። እኔን ግን አንጀቴን የሚበላኝ ቀሚሱ ነው፤ ዘውድ ለበዓል ነው፣ ቀሚስ ግን ገላ ላይ የዋለ ነገር ነው።

እኔ የአባ ጅፋርን ዕቃ ማየት ካማረኝ እዚሁ ጅማ ሙዚየም እገባለሁ፣ ጅሬን ወጥቼ ቤተ መንግሥታቸውን አያለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ነኝ። የመቅደላ ሰው ለእቴጌው ቀሚስ ቪዛ ያስፈልገዋል። በ2010 ሙዚየሙ ዕቃዎቹን በረጅም ጊዜ ውሰት ሊልክ እንደሚችል ሲናገር ብዙ ሰው ደስ አለው። እኔ አልተዋጠልኝም። የራስን ንብረት እንዴት ይዋሱታል?

የማን እንደሆነ ስነግራት እናቴ «እኔ አፈር ልሁን» ብላ ዝም አለች። ከዚያ ስልኩን መልሳ ወሰደችና «ገልብጠው አላነሱትም?» አለችኝ። የጠላፊ እጅ የሚታወቀው ከውስጥ በኩል ነው፤ ክሩ የት እንደታሰረ፣ የት እንደተቀጠለ፣ የቱ ጋ እንደደከማት እዚያ ይታያል። ሌላ ፎቶ ፈለግኩላት። ያገኘሁት ሁሉ የሚያሳየው ፊቱን ነው።