ጣራችንን በዕፅዋት ለመሸፈን፦ እስካሁን የደረስንበት

አዲስ አበባ ያለው የወላጆቼ ቤት ጣራ ጠፍጣፋ ሶሌታ (የኮንክሪት ንጣፍ) ነው። በዕፅዋት ልንሸፍነው ተነሥተናል፤ እስካሁን የተሠራው ምርጫና ስሌት ብቻ ነው። ተመሳሳይ ሐሳብ ላላችሁ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ምርጫው በጥቅሉ ሁለት ነው። አንዱ ከ15 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ስስ አፈር ላይ ድርቅ የሚችሉ አጫጭር ዕፅዋት የሚተከሉበት፣ ሌላው ጎመኑም ቁጥቋጦውም የሚበቅልበት ጥልቅ አፈር ነው። እናቴ ጎመኑን ፈልጋ ነበር፤ የወሰነልን ግን ክብደቱ ነው። ውኃ የጠገበ የጓሮ አፈር በሜትር ኩብ ወደ 1,800 ኪሎ ይጠጋል። 30 ሳንቲ ሜትር ብናለብስ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 540 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል እንኳን ለሰውና ለዕቃ የሚታሰብለት 200 ኪሎ ገደማ ነው። አፈር የተሸከመ ጣራ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ የትግራይ ህድሞ ግን ያንን የሚችለው በወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በጠንካራ እንጨት ነው።

የስትራክቸር ፕላኑን ይዘን መሐንዲስ ጋ ሄድን። ቤቱ ወደፊት ፎቅ እንዲጨመርበት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ስሱን ፈቀደልን፤ ያውም ረጥቦ ከነንብርብሩ በካሬ ሜትር 150 ኪሎ እንዳያልፍ። ፕላን ሳታሳዩ አንድ አካፋ አፈር እንኳ አታውጡ።

መፍትሔው ቅርባችን ተገኘ፦ ከቢሾፍቱ አካባቢ የሚመጣው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉት። ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ቀላል ነው፤ ውኃ ይይዛል፣ ትርፉን ያሳልፋል። ነፍተን ጥቂት የበሰለ ኮምፖስት ቀላቀልንበት። ክብደቱን በቤት መለካት ይቻላል፤ 10 ሊትር ማለት አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነው። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ሞልተን፣ ውኃ አጥግበን፣ አጠንፍፈን ስንመዝነው 13 ኪሎ ገደማ መጣ። ለ10 ሳንቲ ሜትር 130 ኪሎ፤ ይበቃናል።

ከሥር የሚነጠፈው ሜምብሬን (ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ)፣ የሥር መከላከያ፣ ውኃ ማውረጃ ንብርብር፣ ከዚያም አፈሩን የሚያስቀር ጨርቅ ነው። ሜምብሬኑ ላይ ገንዘብ አልቆጥብም፤ ከተሸፈነ በኋላ ካፈሰሰ ሁሉንም ማንሣት ነው። በመውረጃው አፍና በጠርዙ ዙሪያ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ጠጠር ይሆናል፤ በረዶ ቅጠል አርግፎ አፉን እንዳይደፍነው።

ዕፅዋቱ ላይ ብዙ ተከራክረናል። ውጭ አገር የተለመዱት ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ለሚዘንብበት ቦታ የተመረጡ ናቸው። እኛ ጋ ክረምቱ ያጥለቀልቃል፣ በጋው ለወራት ጠብ አይልም። ስለዚህ በተራራ ድንጋይ መሐል ስስ አፈር ላይ የሚኖረውን ጦስኝ፣ ከእሱም ጋር እሬትና እንዳሁላ መርጠናል። ሰርዶ አይገባም፤ ሥሩ የትም ይሄዳል። ወፍ የምትጥለው የሾላ ዘር ከበቀለም ገና በለጋው መነቀል አለበት።

ግንቦት ላይ ሜምብሬኑ እንደተነጠፈ መውረጃውን ደፍነን፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ አቁመን ለ48 ሰዓት ከታች ኮርኒሱን እናያለን። ካላፈሰሰ ሰኔ ላይ ተከላ ነው። ጦስኝ ከተማ ውስጥ ያላመዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፦ ከዘር ነው ወይስ ከቁራጭ?