ነገ ከፊላደልፊያ ጋር

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ቤቱ ተኝቷል፣ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። ነገ ጠዋት ቅዳሴ አለ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ በአሜሪካ ፉትቦል ዋሽንግተን ኮማንደርስ ፊላደልፊያ ላይ ከኢግልስ ጋር ይጋጠማል። ያሸነፈ ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የዋንጫው ፍጻሜ፣ ይገባል። የእኛ ቡድን እዚህ ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የደረሰው በፈረንጆቹ ጥር 1992 ነበር። ደርግ ከወደቀ ገና ስምንት ወሩ፣ እኔ ሰፈር ውስጥ የካልሲ ኳስ የምራገጥ ልጅ!

ለምን ይሄን ቡድን እንደያዝኩ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። በፈረንጆቹ 2011 ስመጣ ስለዚህ ጨዋታ የማውቀው ነገር አልነበረም። መለያቸውን አየሁ፤ እነሱ በርገንዲና ወርቃማ ይሉታል፣ ለእኔ ግን ቡናማና ቢጫ ነው። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ሌላ ምን ምርጫ አለው? (ነገ ጥር 18፣ ሰባር ጊዮርጊስ መሆኑን ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። ሰማዕቱ የደጋፊ ቂም እንደማይዝብኝ ተስፋ አለኝ።)

የእህቴ ባል ፊላደልፊያ ነው የሚኖረው፣ ባልቲሞር አቬኑ አካባቢ። ከሰዓት ደውሎ ሰላምታውን ሳይጨርስ «በጉን ወፈር ያለ አድርገህ ግዛ እንግዲህ» አለኝ። ውርርዳችን ነው። ሱፐር ቦውሉ የካቲት 2 ነው፣ በማግስቱ ጾመ ነነዌ ይገባል፤ የተሸነፈ የቅበላውን በግ ይገዛል።

«ጋሼ፣ ገና መች ተጫወትን?» አልኩት።

«ባርክሌይን አይተኸዋል አይደል? በቃ!» ብሎ ሳቀብኝ።

አይቼዋለሁ፣ ችግሩም እሱ ነው። የኢግልሱ ሯጭ ሴይኩን ባርክሌይ ከኒው ዮርክ ጃያንትስ በመጣ በመጀመሪያ ዓመቱ 2,005 ያርድ ሮጠ። የመጨረሻውን ጨዋታ አሳርፈውት ነው እንጂ ለኤሪክ ዲከርሰን የአንድ ዓመት የሩጫ ክብረ ወሰን የቀረው መቶ ያርድ ገደማ ነበር። ባለፈው እሁድ፣ የጥምቀት ዕለት፣ በበረዶ ውስጥ የሎስ አንጀለሱን ራምስን 28 ለ 22 ሲያሸንፉ ብቻውን 205 ያርድ ሄደ። አንዱን 62፣ ሌላውን 78 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ሌላው ሰው በረዶው ላይ ይንሸራተታል፣ እሱ አስፋልት ላይ ያለ ይመስላል።

ግን ባርክሌይን ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን ነው የሚያየው። እኔ ዓይኔን የምጥለው ከፊቱ ያሉት ላይ ነው። ጆርዳን ማይላታ የሚባል አውስትራሊያዊ አላቸው። በፈረንጆቹ 2018 ሲመርጡት ራግቢ ተጫዋች ነበር፤ ይሄን ጨዋታ አንድም ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ዛሬ ያ ግዙፍ ሰውዬ ተከላካይ እንደ መጋረጃ ይገልጣል። በሌላው በኩል ሌን ጆንሰን አለ። የእኛ መከላከል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በሩጫ ሲበሳ የከረመ ነው። ቦቢ ዋግነር በ34 ዓመቱ አንጀቱን አስሮ ይይዛል፣ ግን አንድ ሰው ስንቱን ቀዳዳ ይደፍናል? በኅዳሩ ጨዋታ ጥሩ ይዘናቸው ቆይተን በአራተኛው ሩብ ባርክሌይ 23 ያርድ ሮጦ አገባ፤ ኳሱን በያዝን በመጀመሪያው ሙከራ ተነጠቅን፤ ደቂቃ ሳይሞላ በ39 ያርድ ደገመን። 26 ለ 18።

ሁለተኛውን ጨዋታ፣ የታኅሣሡን፣ አላየሁትም። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ በሬዲዮ ነው የሰማሁት። ከሬገን አየር ማረፊያ ያነሳኋቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ የለበሱት ኮፍያ የድሮውን የቡድኑን ምልክት የያዘ፣ ጠርዙ የተበላ። ሲገቡ 27 ለ 14 እየተመራን ነበር። አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ሬዲዮውን ከፍ እንዳደርግ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ቤታቸው ደጅ ስንደርስ አልወረዱም። መብራቱን ብልጭ ድርግም አድርጌ ጥግ ያዝኩ። ስድስት ሰከንድ ሲቀር ኳስ ወርዋሪያችን ጄደን ዳንኤልስ ለጄሚሰን ክራውደር ወረወረለት፣ አገባ፣ 36 ለ 33። ሽማግሌው የፊቱን ወንበር ከኋላ ሁለቴ ደበደቡትና ዝም አሉ። በመስታወት ሳያቸው ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ስበውታል። ሻንጣቸውን ረስተው ሊገቡ ነበር፣ ሮጬ ነው የሰጠኋቸው።

እርግጥ ነው፣ ያን ቀን የእነሱ ኳስ ወርዋሪ ጄለን ኸርትስ ጭንቅላቱን ተመትቶ ገና በጊዜ ወጥቷል። ነገ ይኖራል፣ ጉልበቱን ቢያመውም። ጋሼ ይሄን በየቀኑ ያስታውሰኛል። እኔም አምስት ጊዜ ኳስ ጥለንና ተነጥቀን እንዳሸነፍን አስታውሰዋለሁ።

እንግዲህ ስለ ዳንኤልስ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ገና የመጀመሪያ ዓመቱ። አምና 4 አሸንፎ 13 የተሸነፈውን ቡድን ይዞ 12 አሸንፎ 5 ብቻ ተሸነፈ። ጥቅምት ላይ ቺካጎን በመጨረሻዋ ሰከንድ በ52 ያርድ ውርወራ ሲጥል ዕድል ነው አልን፤ ኳሷ በሰው እጅ ተነካክታ ኖዋ ብራውን እቅፍ ውስጥ ነው የወደቀችው። ቆይተን ስናየው ግን ልጁ ሲጨንቀው ይረጋጋል። አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ላይ ሌላው ቡድን ኳሷን ጠልዞ ይሸኛል፣ አሠልጣኛችን ዳን ኩዊን ደግሞ «ሂድ» ይለዋል። በመደበኛው ውድድር 23 ጊዜ ሞክረው 20ውን አሳክተዋል። እንዲህ ያለ ነገር በልምምድም አይገኝ። ባለፈው ሳምንት፣ የከተራ ማታ፣ ማንም ሳይጠብቀን ዲትሮይትን በሜዳው 45 ለ 31 ደቆስነው።

ከዲትሮይት ግን ዕዳም ይዘን ተመልሰናል። ዳንኤልስን ከፊት የሚጠብቀው የቀኝ ጋርዱ ሳም ኮስሚ የጉልበቱ ጅማት ተቆርጧል፤ ነገ በዚያ በኩል የኢግልሱ ተከላካይ ጄለን ካርተር ይመጣል። ራምስን በመጨረሻው ሰዓት በረዶው ውስጥ የቀበረው እሱ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው፣ ከባርክሌይም ይልቅ። ምክንያቱም ኳስ ወርዋሪያችን ሲጎዳ በፈረንጆቹ 2012 ውድድር አይቼዋለሁ። ሮበርት ግሪፊንም እንደ ዳንኤልስ የሃይዝማን (የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች) ተሸላሚ፣ ከአዲስ ተጫዋቾች ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ ከተማውን ያሳበደ ልጅ ነበር። ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የጥሎ ማለፉ ዙር፣ ገባን፣ ከሲያትል ጋር ጉልበቱ እጥፍ አለ፣ ከዚያ በኋላ ያው ልጅ አልተመለሰም። ልጄ ያኔ ጡት የሚጠባ ሕፃን ነበር፣ ይሄን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ዳንኤልስን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፍርሃት የሚባል የለበትም።

ሂሳቡን በሐቅ ካሰብኩት ፊላደልፊያ ይበልጠናል። የፊት መስመሩም፣ አሠልጣኙ ቪክ ፋንጂዮ የሚመራው መከላከልም፣ ሜዳውም የእነሱ ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ 31 ለ 24 እንሸነፋለን ብያለሁ። ለጋሼ ግን በጉን ከየት እንደሚገዛ እንዲጠይቅ ነግሬዋለሁ። አንድ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ደብቄዋለሁ፦ የእኛን ቡድን በፈረንጆቹ 2023 በ6.05 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ጆሽ ሃሪስ የፊላደልፊያው የቅርጫት ኳስ ቡድንም ባለቤት ነው። ሲሸነፍ እነግረዋለሁ።

አሁን ልብስ ማጠቢያው ጋ ሄጄ ነበር። የልጄ የ5 ቁጥር የዳንኤልስ መለያ ቅርጫት ውስጥ ተጥሏል፣ ባለቤቴ ነገ ጠዋት ልታጥበው ነው። የከተራ ዕለት፣ ገሃድ ስለነበር ሽሮ እየበላን፣ የእኛው ኳን ማርቲን ኳሱን ነጥቆ ሲሮጥ ልጁ ዘሎ ተነሥቶ ሳህኑ ደረቱ ላይ ተገለበጠበት። ነጠብጣቡ እንዳለ ነው፣ ከቁጥሩ ሥር። መለያውን አወጣሁና አጣጥፌ መኪናው ኋላ ከመለዋወጫው ጎማ ሥር ሸጎጥኩት። ጠዋት ስትጠይቀኝ የምለውን ገና አላሰብኩም።