ጀበል አሊ ላይ የሰማሁት «ኪርያላይሶን»

ዛሬ ዱባይ፣ ጀበል አሊ፣ ከግብጻውያን ጋር አስቀደስኩ። ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ቆምኩ። ቅዳሴው በአረብኛና በቅብጥ ነው። ከበሮ የለም፤ ትንንሽ ሳሕን የመሰለ ነሐስ እያጋጩ ይዘምራሉ። ብዙው አልገባኝም። ግን «ኪርያላይሶን»፣ አቤቱ ማረን፣ ሲሉ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። በሰሙነ ሕማማት እየሰገድን የምንለው እኮ ነው! እስከ 1951 ዓ.ም. የራሳችን ፓትርያርክ አልነበረንም፤ መንበራችን እዚያው ግብጽ፣ እስክንድርያ ነበር። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ በጆሮዬ የሰማሁት ግን ዛሬ ነው።

ስንወጣ አንዲት ትልቅ እናት ከያዙት ኅብስት ቆርሰው ሰጡኝ። መስቀል ታትሞበታል፤ ገና ትኩስ ነው። «ሐበሻ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው በአረብኛ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

«አሜን» አልኳቸው።